የፋቀ እጅ

የኋላሸትን አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ በእኛ አገር ደግሞ ትንሽ የሚበልጠውን ሰው አንተ ያለ ልጅ እናቱን ያሰድባል። ምላሴ ግን እምቢ ይለኛል። በቤታችን አርባ ዓመት ሙሉ «ያ ሰውዬ» ሲባል ነው የኖረው። እኔ አካሉ እባላለሁ፤ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ሳይሆን ስለ አጎቴ ልጅ ስለ አልታዬ ነው፤ ያለ እሱ ግን ታሪኳ አይነገርም።

አልታዬ ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምራለች፤ ሦስት ልቦለድም ጽፋለች። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ከጧፍና ከሻማ ጎን መጽሐፍ ተደርድሮ ያየ ሰው ስሟን ያውቀዋል። መንፈሳዊት ደራሲ ይሏታል። ሦስቱንም የተየብኳቸው እኔ ነኝ። ኮምፒውተር አትነካም፤ በደብተር ጽፋ ታመጣልኛለች። ጽሕፈቷን ከሺህ ሰው ጽሕፈት መሀል እለየዋለሁ። በተለይ «ሰ» ስትጽፍ ግራ እግሩን ከመስመሩ በታች አውርዳ ነው የምታቆመው፣ አንዱን እግሩን መሬት ሌላውን ደረጃ ላይ እንዳኖረ ሰው። ልጆች ሳለን መምህራችን በዚህ «ሰ» ምክንያት ብዙ ጊዜ በአርጩሜ ገርፏታል። «አባቴ እንዲህ ነው የሚጽፈው» ትል ነበር፤ አልተወችም።

አባቷ ገብረ ኢየሱስ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ በሸምበቆ ብርዕ ብራና ላይ መጽሐፍ የሚገለብጥ። ቤታቸው ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ሲወርዱ፣ ከመንገዱ ወደ ግራ ገባ ብላ ሰንበሌጥ አምባ በምትባል ደብር ነው። ከአልታዬ በፊት አራት ልጅ ቀብሯል፤ ሚስቱም ከአልታዬ ወሊድ አልተነሣችም። ልጅቱ በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ዓይኗ ሲገለበጥ፣ ሮጦ ሄዶ የደብሩ ታቦት ፊት ተሳለ፦ ይችን ብትተውልኝ ገድልህን በእጄ ጽፌ አገባለሁ፣ ዋጋም አልቀበልበትም አለ። ተረፈች። የደብሩ ሰው የፍየል ቆዳ አዋጣለት፣ እሱም ሥራውን ጀመረ።

መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ከዋናው ላይ የሚያነብለት ካገኘ ሥራው ይፈጥንለታል። ገብረ ኢየሱስ ወንድ ልጅ የለው፣ ተማሪ የለው። ስለዚህ አልታዬን ፊደል አስቆጥሮ በስድስት ዓመቷ ከፊቱ አስቀመጣት። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል። ግእዙ ምን እንደሚል አታውቅም ነበር። የምታውቀው ከፈጠነች ብርዑ እንደማይደርስባት፣ ከዘገየች ደግሞ ቀለሙ እንደሚደርቅ ነው። ዛሬም ልቦለዷን ስትጽፍ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላ ትለውና እጇ እስኪደርስባት ትጠብቃለች። ማንበብ ማን አስተማረሽ ለሚሏት ሁሉ «የአባቴ ብርዕ» ነው መልሷ።

ከዚያ ሁሉ ገድል ውስጥ የወደደችው ግን ታምሩን አልነበረም። መጨረሻውን ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያልቅ ጸሐፊው በመጨረሻው ቅጠል ላይ ውግዘት ያኖራል፦ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ ስሙንም የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል። አባቷ ያችን መስመር በአማርኛ ሲነግራት ደስ ብሏት እንደ ዘፈን ትደጋግማት ጀመር። መላእክቱን ትታ ውግዘቱን የወደደች ልጅ! ነገሯ ከዚያው ያስታውቅ ነበር።

የሚፋቀው ስም እንዲህ ነው። ገድሉ በየክፍሉ ሲያልቅ «በረከቱ ከእገሌ ጋር ይሁን» ይላል፤ እገሌ የተባለው መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ነው፣ በክርስትና ስሙ፣ በቀይ ቀለም። ገብረ ኢየሱስ የራሱንና የልጁን ስም ጻፈ። የአልታዬ ክርስትና ስም ወለተ ኪዳን ነው። በጥቅምት ሰባ ሰባት የንግሥ ዕለት ዲያቆኑ መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ሲያነበው፣ የስምንት ዓመቷ ልጅ ስሟን አሥራ ሁለት ጊዜ ሰማች። በጣቷ ቆጥራለች።

ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበረ ለወሎ ሰው አይነገርም። ጎተራው ባዶ ሆነ፣ ከብቱ አለቀ። አልታዬ ከዚያ ረሃብ አንድ ነገር ብቻ አጥርታ ታስታውሳለች፦ አባቷ አንድ ቀን አንድ ስልቻ ገብስ ተሸክሞ ገባ። ከየት አመጣኸው ስትለው «ጻድቁ ሰጠኝ» አላት። ያንን ገብስ እሷ በላች፤ እሱ በላሁ እያለ ውሃ ይጠጣ ነበር። በግንቦት ተስቦ ይዞት ሞተ። እናቴ በለጥሻቸው የወንድሟን ልጅ አዝላ ወደ መካነ ሰላም አመጣቻት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር በአንድ መደብ አደገች።

በቀጣዩ ጥቅምት እናቴ ሁለታችንንም በእግር ይዛን ለንግሡ ወረደች። ዲያቆኑ አነበበ። «በረከቱ ከወልደ ሰማዕት ጋር ይሁን።» አልታዬ ጆሮዋን አላመነችም፤ ሁለተኛውን ክፍል ጠበቀች። አሁንም ወልደ ሰማዕት። «የኔን ስም ዘለልከው!» ብላ ጮኸች፤ እናቴ አፏን በነጠላዋ አፈነችው። ወልደ ሰማዕት የየኋላሸት የክርስትና ስም ነው። የደብሩ ገበዝ እሱ ነበር፤ መጽሐፉም ሆነ ሌላው ንዋየ ቅድሳት ያለበት የዕቃ ቤት ቁልፍ በእጁ ነው። ነጭ በቅሎ ነበረችው፣ ከመናገሩ በፊትም ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ያስላል። ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ስሙ በተነበበ ቁጥር ራሱን ዝቅ ያደርግ ነበር። የሞተ ሰው ስም ፍቆ የራሱን አስገባ፤ ይህ ለእኛ ሳይነገር የተፈረደ ነገር ሆነ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። አልታዬ በሃያ ዓመቷ፣ መምህርት በሆነች በዓመቱ፣ ሰንበሌጥ አምባ ሄዳ መጽሐፉን አሳየኝ አለችው። ሁለት ጊዜ ሳለና «ሴት ልጅ ንዋየ ቅድሳት አትነካም» አላት። ሳልነካ ልየው ስትለው ደግሞ «ተይው ልጄ፣ ማየቱ ለአንቺ አይበጅም» አላት። እንደ ዛቻ ነው የያዘችው፤ እኔም እንደዚያው ነው የያዝኩት።

እስከዚያ ድረስ ግን በመካነ ሰላም ሌላ አስተማሪ አግኝታ ነበር። ባለሱቁ መሐሙድ ስኳርና ጨው የሚጠቀልለው ከደሴ በሚያስመጣው አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል ነው። እናቴ ስኳር ስትልካት አልታዬ መጠቅለያውን ዘርግታ በእጇ ታቃናና ታነበዋለች። ዛሬ ገጽ አርባ፣ ነገ ገጽ መቶ ሃያ። መሐሙድ ነገሩ ሲገባው ለእሷ ብቻ በተራ ይጠቀልልላት ጀመር። «እንቺ፣ ሰውየው ዛሬ ይታሰራል» ይላታል፤ እሱም አንብቦት ነዋ። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ግን ሁልጊዜ አይገኙም፣ ሌላ ሰው ጨው ይዞባቸው ሄዷል። ስለዚህ መጨረሻውን ራሷ ትፈጥረውና መደቡ ላይ ተኝተን ትነግረኛለች። በአልታዬ መጨረሻ ሳይቀጣ የቀረ በዳይ የለም። ወይ ገደል ይገባል፣ ወይ ጅብ ይበላዋል፣ ወይ እጁ ይደርቃል። እኔ በተለይ እጁ ሲደርቅ ደስ ይለኝ ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልቦለዶች ስለ ይቅርታ ጻፈች ብል ማን ያምነኛል? ግን ጻፈች። አንደኛው ስለ ሁለት የተጣሉ እህትማማቾች ነው፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት በሦስት ቦታ አስገብታበታለች። ስተይበው ቀና ብዬ አያታለሁ፤ እሷ መስኮቱን ታያለች። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አንዲት ሴት ከደጎሎ በሚኒባስ መጥታ አንድ ቅል ቅቤ አስቀመጠችላት። «ከእህቴ ጋር አሥር ዓመት አንነጋገርም ነበር። ያንቺን መጽሐፍ አስነብቤ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ» አለቻት። አልታዬ አለቀሰች። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ግን ቅቤውን እያየች «አየህ አካሉ፣ ሰውን ማስታረቅ እችላለሁ። እኔን ግን ማን ያስታርቀኝ?» አለችኝ። «ማንም! ደግሞስ ለምን?» አልኳት። እንግዲህ የእኔ ምክር እንዲህ ነው።

ሦስተኛውን ስትጽፍ አራት ዓመት ፈጀባት። ደብተሩን ስታመጣልኝ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ገበዝ ጫኔ የሚባል ሰው አለበት፤ ነጭ በቅሎ አለችው፣ ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስላል። በረሃብ ዘመን የሞተን ጸሐፊ ስም ፍቆ የራሱን ይጽፋል። የኋላሸት ብላ አልጻፈችም፤ መጻፍም አላስፈለጋትም። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ታሪኩ ካለቀ በኋላ፣ ለብቻዋ የቆመች አንዲት መስመር ነበረች፦ «ይህን ስም የፋቀ እጅ ይድረቅ።»

እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እውነቱን ልናገር። «ቆይ እስቲ» አልኳት። «ሰውዬው ቁም ጽሕፈት አይችልም። ሌላ ጸሐፊ ገዝቶ አስፍቆት ይሆናል። ያ ጸሐፊ ሞቶ ከሆነስ? ሞቶ ሊያመልጥ ነው?»

አልታዬ ሳቀች። ደብተሩን ሳብ አድርጋ ጨመረችበት፦ «በሕይወት ካለ ይድረቅ፤ ከሞተም አፈሩ አይቅለለው።»

ፊደሉን ከሌላው አጉልቼ ተየብኩት።

ደሴ ታትሞ አምስት መቶ ኮፒ መጣ። የምረቃው ዕለት የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። አልታዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ራሷ አነበበች። ያችን መስመር ስትደርስ ቆመች፣ ሕዝቡን አየች፣ ቃል በቃል አነበበቻት። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያየነው ደስታ በቅቤ አይለካም። ያ ሰውዬ በእርጅናው ልጁ ጋ ሊጦር መካነ ሰላም ገብቶ ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች በመንገድ ሲያልፍ ከኋላው ሁለት ጊዜ ያስላሉ። «ገበዝ ጫኔ!» ብለውም ይሮጣሉ። በሰንበቴ ላይ ዳቦ ሲቆረስ ጎኑ የሚቀመጥ ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል ከአልታዬ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ፤ እሱ ዓይኑን ሰበረ፣ እሷ አልሰበረችም። ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «የድርሰት ደመወዝ ይኸ ነው አካሉ፣ ሌላው ሁሉ ምርቃት ነው» አለችኝ። ለሦስት ወር ያህል እንደ ሙሽራ ፊቷ ያበራ ነበር።

በአራተኛው ወር ሽማግሌ ላከ። ሐጂ ሙሐመድአሚንና ቄስ ቃለ ክርስቶስ ናቸው የመጡት። ሁለቱ በአንድ ላይ ከመጡ በመካነ ሰላም የማይፈታ ጠብ የለም ይባላል። አልታዬ ወንበር አቀረበች፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ ሐጂ። «ሰውየው መጽሐፍሽን አቃጥይ አላለም። ገበዝ ጫኔንም አውጪ አላለም። ያችን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አንሺያት ነው የሚል።»

አልታዬ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ደስታ ያስፈራ ነበር። «ፈራ!» አለች። «እጁ መድረቅ ጀመረ እንዴ?»

«እጁስ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «እንዲያውም ለራሱ የፈራ አይመስለኝም። ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።»

«ማን እንደሚገባበት አውቃለሁ። ቅድመ ሁኔታዬን ይንገሩልኝ፦ መጽሐፉ ይውጣ። በሕዝብ ፊት፣ በራሱ እጅ፣ ስሙን ከአሥራ ሁለቱም ቦታ ይፋቅ። ያን ጊዜ መስመሯን አነሣለሁ።»

ቄስ ቃለ ክርስቶስ ይህን አይቀበልም ብለው ነበር የሄዱት። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ መጽሐፉን ያሳያታል። አልታዬ ከሱቅ አዲስ ምላጭ ገዝታ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠች። የዚያን ሳምንት ሙሉ ቦርሳውን እየከፈተች ታያት ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰንበሌጥ አምባ ደጀ ሰላሙ ሥር ተሰበሰብን። የአሁኑ ገበዝ መጽሐፉን በጨርቅ ተጠቅልሎ አወጣ፤ ቄስ ቃለ ክርስቶስ አትሮንስ ላይ ዘረጉት። የኋላሸት በርጩማ ላይ ተቀምጦ በትሩን በሁለት እጁ ይዟል። አልታዬ ቀጥ ብላ ሄዳ ምላጩን ዘረጋችለት።

«ይኸውልዎ። ይጀምሩ።»

ሁለት ጊዜ ሳለ። አልተቀበላትም። «መጀመሪያ እይው» አላት። «አንቺ ጽሕፈት ታውቂያለሽ ይላሉ።»

እኔም በትከሻዋ ላይ አጎንብሼ አየሁ። የተፋቀበት ቦታ ይታወቃል፤ ብራናው ሳስቶ ትንሽ ጠጉሩ ተነሥቷል። በላዩ በቀይ ቀለም «ወልደ ሰማዕት» ይላል። «ሰ»ው ላይ ዓይኔ ሲያርፍ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ አልታዬ መቼ መጥታ ጻፈችው የሚል ነበር። ግራ እግሩ ከመስመሩ በታች ወርዶ ቆሟል።

ቄሱ ቅጠሉን ገለበጡ። ሁለተኛው ቦታ፣ ያው «ሰ»። ሦስተኛው። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አልታዬ ጣቷን ሳታስነካ ከላይ ከላይ እየተከተለች ሄደች፣ ልጅ ሆና ስሟን እንደቆጠረችው። ከዚያ «መጨረሻውን ያሳዩኝ አባ» አለች። ያችን ውግዘት በቃሏ ታውቃታለች። የሰረቀ የተወገዘ ይሁን የሚለው አለ። የፋቀ የሚለው ቃል በነበረበት ቦታ ላይ ግን ቀለም የለም፤ ተፍቆ ባዶ ሆኗል። አባቷ ስማቸውን ከመፋቁ በፊት ይሁን በኋላ፣ ውግዘቱን ከራሱ ላይ አንሥቷል።

ልጁ ደግሞ መልሳ አኖረችበት። እኔ «ከሞተም» የሚለውን አስጨመርኩበት።

«መቼ ነው?» አለች አልታዬ፤ ወደ ሰውዬው አልዞረችም።

«ሚያዝያ ነው፣ ሰባ ሰባት።»

«ገብሱ ነው?»

«አንድ ስልቻ። እሱ ነው የመጣው፤ እኔ አልጠራሁትም። ስሜ በቤተ ክርስቲያን ሲጠራ መስማት እንደምመኝ ያውቅ ነበር።» በትሩን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «እዚሁ መጽሐፍ ላይ አስምሎኛል፣ ለልጄ እንዳትነግራት ብሎ። አሁንም አልነገርኩሽም። አንቺ ነሽ ያነበብሽው። ስድቡንም፣ የልጆቹንም ሳል ችዬዋለሁ። ያች መስመር ግን የወደቀችው እኔ ላይ አይደለም። እሱ አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ ማን ይናገርለት?»

አልታዬ አሁን ዞረች። ብዙ ቁጣዋን አይቻለሁ፤ እንዲህ ጸጥ ያለውን ግን አይቼ አላውቅም።

«በጎተራዎ ገብስ ነበረ» አለች።

«ነበረ።»

«የተራበ ሰው ነው ደጅዎ የመጣው። ልጅ ያለው። ስሙን ሳይቀበሉት መስጠት አይችሉም ነበር?»

ሳሉ እንኳ አልመጣለትም። «እችል ነበር» አለ።

ሐጂ ሙሐመድአሚን «በይ እንግዲህ ልጄ፣ አፉ በይው፣ ይቅር በይው» ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። አልታዬ ምላጩን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለች። «ለገብሱ እግዜር ይስጥልኝ፤ በልቼዋለሁ» አለች። «አፉ ግን አልልዎትም።» ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ሄደች። እኔም ተከተልኳት። እንዲህ በማለቷ ደስ ብሎኛል፤ አሁንም ደስ ይለኛል፤ እሱንም አሁንም አንቱ አልለውም።

መንገድ ላይ ቄስ ቃለ ክርስቶስ ደረሱብን። አልታዬ ቆማ «ይፍቱልኝ አባ» አለቻቸው።

«አንቺ የማሰር ሥልጣን የለሽም ልጄ፤ የማሰር ሥልጣን ከሌለሽ የሚፈታም የለም» አሉ። ልታርፍ ነው ብዬ ሳስብ ጨመሩበት፦ «ግን ያ ሁሉ ሕዝብ አሜን ብሏል። እኔም ብያለሁ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጸሎት አስደርጊለት። መጽሐፉንም ሰብስቢ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለእኛ ነው። በበጋው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ በሚኒባስ ትሄዳለች፤ ወግዲ፣ ደጎሎ፣ ወረኢሉ። የመጽሐፉን ባለቤት እየፈለገች በሩን ታንኳኳለች። መጽሐፉን አትወስድባቸውም፤ «አንድ ስሕተት ላርም ነው» ትላለች። ደራሲዋ ራሷ ደጃቸው ድረስ በመምጣቷ ሰዉ ይደሰታል፣ ዳቦ ያቀርብላታል። ያልተሸጠውን ደግሞ እኔ ሱቅ ቁጭ ብለን በምላጭ እንፍቃለን። ብራና ሲፋቅ ይችላል፣ ሌላ ስም ይጻፍበታል። ወረቀት ግን አይችልም። ፊደሉን አጉልቼው ስለነበር ቀለሙ ወፍራም ነው፤ በጥንቃቄ ብንፍቀውም ይቀደዳል። መጨረሻው ገጽ ላይ የጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ ያለበት ልቦለድ ያየ ሰው ካለ፣ የእኛ ሥራ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ስንፍቅ ስልኳ ጮኸ። እጇ በወረቀት ብናኝ ስለነበረ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። ሊድያ የምትባል ሴት ናት፣ ከወረኢሉ። መጽሐፉን ከጎረቤት ተውሳ እንዳነበበችው፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይታ እንደማታውቅ፣ ማመስገን ፈልጋ ቁጥሯን ከስንት ሰው ጠይቃ እንዳገኘችው ነገረቻት። አልታዬ እግዜር ይስጥልኝ አለች።

«ያችን የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ» አለች ሴትዮዋ፣ «ሦስቱም ልጆቼ በቃላቸው ይዘዋታል። ማታ ከጸሎት በኋላ ይሏታል፣ እኛም አሜን እንላለን። አፈሩ አይቅለለው የሚለው ጋ ትንሹ ልጄ እግሩን መሬት ይመታል፣ ብታዪው!»

አልታዬ ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሴትዮዋ «ሄሎ? መምህርት?» አለች።

«ቤትሽ በየት በኩል ነው?» አለቻት።

አድራሻውን በተፋቀ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ጻፈች። «ሰፈር» የሚለውን ቃል ስትጽፍ «ሰ»ውን አየሁት፤ ግራ እግሩ አሁንም ከመስመሩ በታች ወርዷል። ምላጩን ሱቅ ትታ፣ በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ወረኢሉ ሄደች።